በእናቴ ላይ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ

በቤተሰባችን ውስጥ በገዛ እናቷ ላይ ሽማግሌ የላከች ልጅ እኔ ብቻ ነኝ። ሽማግሌ የሚላከው ሚስት ለመጠየቅ ነው፣ ወይም የተጣላ ለማስታረቅ። እኔ ግን የላክሁት ሚኽላላ ለመግባት ነው። ሚኽላላ ማለት ኮሌጅ ነው፤ እኛ አሽቀሎን ውስጥ በአማርኛ ስናወራም ትምህርት ቤቱን፣ ቢሮውን፣ ሐኪሙን በዕብራይስጥ ነው የምንጠራው። እንዳትስቁ። እሺ ሳቁ፤ እኔም ዛሬ ሳስታውሰው ሆዴን ይዤ ነው የምስቀው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ይሄ ለእኔ ቀላል አይደለም፤ አፌ ሁልጊዜ ከመሃል ነው የሚነሳው።

ወታደር ቤት ኾቬሼት ነበርኩ፤ የቆሰለ የማስር፣ የወደቀ የማነሳ። እዚያ ሳለሁ አንድ ነገር ገባኝ፤ ሰው ሁሉ ሲደነግጥ እኔ እረጋለሁ። ሻይ ጥጄ የምረሳው እኔ፣ ስልኬን ፍሪጅ ውስጥ ያገኘሁት እኔ፣ ቦርሳዬን ባቡር ላይ ትቼ ባዶ እጄን አሽቀሎን ጣቢያ የወረድኩት እኔ! አንድ ቀን ለእረፍት ቤት በመጣሁበት ሳይረን ጮኸ፤ ጎረቤታችን ወደ መጠለያው ስትሮጥ ደረጃ ላይ ወድቃ ግንባሯ ተፈነከተ። ሰው ሁሉ ሲጯጯህ እኔ ነጠላዋን አጣጥፌ ቁስሉ ላይ ይዤ እያጫወትኳት ነበር። ከሠራዊት እንደወጣሁ ፓራሜዲክ እማራለሁ ብዬ ቆረጥኩ። አምቡላንስ! ሳስበው ራሱ እግሬ መሬት አይነካም ነበር።

ችግሩ የሁለተኛ ደረጃ ውጤቴ ነበር። ውጤት ተብሎ ለሰው የሚታይ አልነበረም። ለመግቢያ ፈተና የምታስጠናኝ ልጅ እግሬን ስወዘውዝ፣ መስኮት ስከፍት ስዘጋ፣ አንዱን ጥያቄ ትቼ ሌላው ላይ ስዘል አይታ፣ «አንቺ ግን ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ተመረመርኩ። ሐኪሟ የትኩረት ችግር እንዳለብኝ ነገረችኝ፤ ኬሼቭ ይሉታል በዕብራይስጥ። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ነገር ነው።

«ስንፍና አይደለም?» አልኳት።

«አይደለም።»

«ጭንቅላቴ ስለማይሠራም አይደለም?»

«ጭንቅላትሽ እንዲያውም ሥራ በዝቶበታል» አለች። ብድግ ብዬ አቀፍኳት። ምስኪን ሴትዮ ደነገጠች።

እስከ ቤት ሮጥኩ ብል አላጋነንኩም። የምንኖረው አጋሚም ሰፈር ነው፣ ፎቆቹ መሃል። ሊፍቱን መጠበቅ አቅቶኝ በደረጃ ወጣሁ። እናቴ ከሥራ ገብታ ጎመን እያጠበች ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የሰው አሮጊት ስታነሳና ስታስተኛ ትውልና ማታ ደግሞ የእኛን ቤት ትይዛለች። «እማዬ! ሰነፍ አይደለሁም!» ብዬ ጮህኩ። የሐኪሟን ቃል አንድም ሳላስቀር ዘረገፍኩላት። ደስታዬን ትካፈለኛለች ብዬ ነው። እናቴ ቧንቧውን ዘጋች።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ገና አሁን እኮ ነው የሰማሁት።»

«ለማንም አትንገሪ። ለሚኽላላው ሰዎች ደግሞ ጭራሽ! እንደ ወንድምሽ ነው የሚያደርጉሽ።»

ወንድሜ ታላቄ ነው፤ በብዙ ዓመት ይበልጠኛል። ወላጆቼ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በመጡ ጊዜ እናቴ አዝላው ነው የገባችው። ትምህርት ቤት እንደጀመረ አስተማሪዋ ጠርታት፣ ልጅሽ አይቀመጥም፣ አይሰማም፣ ወደ ኺኑኽ ሜዩኻድ ይሂድ አለቻት። ከሌሎቹ ልጆች ተለይቶ የሚማርበት ክፍል ማለት ነው፤ ሌላ ሰፈር፣ በሚኒባስ። እናቴ ያደገችው አስተማሪ ሲናገር ዓይን እንኳ ቀና ተደርጎ በማይታይበት አገር ነው። አስተማሪ የሚያውቀውን እኔ ምን ብዬ እጠይቃለሁ አለችና፣ ያኔ የምታውቃትን አንዲት የዕብራይስጥ ቃል ተናገረች፤ ቤሴዴር። እሺ። ወንድሜ ከዚያ ክፍል ሳይወጣ አደገ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላንኳኳው የእኛ ሰው ቤት ጥቂት ነው፤ እናቴ ግን የሚያንገበግባት የራሷ ቤሴዴር ነው። ስለ እሱ ተነጋግረን አናውቅም። ወሬው ሲነሳ እሷ ሥራ ትፈልጋለች፣ ወንድሜ ደግሞ ስልኩን ያወጣል።

ያን ቀን እጇን በመሐረብ ጠረገችና ፊቴ ቆመች። «እናቴ ትሙት፣ አልናገርም በይ» አለችኝ።

እኛ ቤት እናቴ ትሙት ከአፋችን አይጠፋም። እናቴ ትሙት አልበላሁም፣ እናቴ ትሙት አላየሁትም። ራሷ እናትሽ ፊትሽ ቆማ ዓይንሽን እያየች በይ ስትል ግን ሌላ ነገር ነው። ማልኩ።

ከዚያ ሚኽላላው ለሬአዮን ጠራኝ፤ ለቃለ መጠይቅ። መልእክቱን ስልኬ ላይ ሳይ ጮኼ ከሶፋው ላይ ዘለልኩ፤ ቀኑ የሚመጣው ሳምንት እሮብ ነው። ዘልዬ መሬት ሳልደርስ መሐላው ትዝ አለኝ።

እውነቱን ለመናገር መሐላው ባይኖርም ልቤ ሁለት ቦታ ነበር። ወታደር ቤት አብራኝ የነበረች ጓደኛዬ፣ «እብድ ነሽ እንዴ? ቁልፏን የምትረሳ ልጅ አምቡላንስ ላይ ማን ያስቀምጣል? መጀመሪያ ግቢ፣ የፈተና ተጨማሪ ሰዓት ስትፈልጊ ያኔ ትነግሪያቸዋለሽ» አለችኝ። ነገሯ ውሃ የሚያነሳ ነው። ግን ውጤቴን አይተው ምን ሆነሽ ነው ሲሉኝ ምን ልመልስ? ሰነፍ ነበርኩ ልበል? እሱንማ ዕድሜ ልኬን ስለው ኖሬያለሁ። አሁን እንዳልሆነ ካወቅሁ በኋላ፣ በገዛ አፌ፣ እኔው በራሴ ላይ? ሳስበው ደሜ ይፈላል። መናገርም ዝም ማለትም የራሴ ምርጫ እንዲሆን ፈለግሁ። ምርጫው ደግሞ በእናቴ ሞት ታስሮ ተቀምጧል።

ከሕንጻችን ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሽማግሌዎቻችን ይቀመጣሉ፤ ባርኔጣ፣ ከዘራ፣ በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀት ሳይቀር ጋቢ። ከመካከላቸው አንዱ የፎቃችን ጎረቤት ናቸው፤ ሟቹን አባቴን ከጎንደር ጀምሮ የሚያውቁት። እኛ አባባ ነው የምንላቸው። አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«አባባ፣ መሐላ እንዴት ነው የሚፈታው?»

«በማን ማልሽ?»

«በእናቴ።»

«ማን አስማለሽ?»

«እናቴ።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ጉዳዩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው፤ ሐኪሟን፣ ኬሼቭ የሚባለውን፣ ሁሉንም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «ቀዥቃዣ ነሽ ማለት ነው?» አሉኝ።

«ይመስለኛል፣ አባባ።»

«ይህን ለማወቅ ነው ሐኪም ቤት የሄድሽው? እኔን ብትጠይቂኝ በነጻ እነግርሽ ነበር።» ከዚያ ከዘራቸውን መሬት ላይ አስደግፈው አሰቡ። «መሐላውን የምታነሳው ያስማለችሽ ናት። እምቢ ካለች ሽማግሌ ነው የሚላክባት።»

ለቀልድ ይሁን ለምር አላውቅም። እኔ ግን አንዴ ከያዝኩ አለቅም። «ይሂዱልኝ!» አልኩ። «አባባ፣ ይሙቱ፣ ይሂዱልኝ! እኔን አትሰማኝም፣ ከእርስዎ ትስማው!» እጃቸውን ይዤ ሳምኩ። አጠገባቸው የነበሩት ሁለቱ ሥራ ስላገኙ ደስ ብሏቸው ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ዓርብ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ሽማግሌ በጠዋት ነው የሚመጣው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። እናቴ ለሰንበት ልታበስል ሻሿን አስራ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ነበር። በሩን ስትከፍት ሦስት ሽማግሌዎች፣ ጋቢያቸው በረዶ መስሎ፣ በቁመታቸው ልክ ተደርድረው ቆመዋል።

«ኖር! ኖር! ግቡ፣ ተቀመጡ!»

ገቡ፤ አልተቀመጡም። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አባባ።

ወይ ጉድ! ይሄን ጊዜ ነው የገባኝ። ለትዳር የደረሰች ልጅ ያለችበት ቤት ሦስት ሽማግሌ በጠዋት መጥቶ አልቀመጥም ካለ፣ የሐበሻ እናት ሌላ ምን ታስባለች? እናቴ አየችኝ። ፊቷ ላይ ፀሐይ ወጣ። «አንድ ጊዜ!» ብላ መኝታ ቤት ሮጠች፤ እኔንም በክንዴ ጎትታ።

«አንቺ ጉደኛ!» ትላለች በሹክሹክታ፣ የበዓል ቀሚሷን በጭንቅላቷ እያጠለቀች። «ማነው? የማን ልጅ ነው? ለእናትሽ ሳትነግሪ!» ከደስታዋ ብዛት ቆነጠጠችኝ። እማዬ እንዲህ አይደለም ልላት አፌን ስከፍት፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትፈካ አላየኋትም ነበርና ቃሉ አልወጣልኝ አለ። እኔ! አፌ ዘግይቶ አያውቅም እኮ!

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እጇን አጣምራ፣ ዓይኗን ሰብራ፣ የወጉን ቃል ጀመረች። «መምጣታችሁ ክብሬ ነው። ልጄ ግን ገና ልጅ ናት፣ ትምህርትም አለባት። ደግሞስ ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት ሳንቆጥር...»

አባባ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ወደ ጣሪያው። ሦስተኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ።

«ልጄ» አሉ አባባ በቀስታ፣ «የሚጠይቅ ወንድ የለም። የመጣነው ለመሐላ ነው። ይህች ልጅ በአንቺ ምላለች፣ ያስማልሻትም አንቺው ነሽ። አንሺላት ልንልሽ ነው የመጣን።»

እናቴ ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ያን የበዓል ቀሚሷን ሳይ በሐፍረት ነደድኩ። ከዚያ ተነሣች፤ ደሟ ፈልቶ። «ሽማግሌ? በእኔ ላይ? በዓርብ ቀን? ድስቴን ጥጄ?» እያለች እኔን ታያለች፤ ዓይኗ ግን በእንባ ሞልቷል። «አባባ፣ እርስዎ ያውቃሉ። አንዱን ልጄን በገዛ አፌ ቤሴዴር ብዬ ሰጥቻለሁ። እሷንም ልስጥ?»

አባባ፣ «አስቢበት» አሉ። በወጋችን ሽማግሌ የመጣ ዕለት መልስ አይሰጥም፤ እናቴም ቢከፋትም ወጉን አላፈረሰችም። «እንግዲያው የሳምንት ዓርብ ተመለሱ» አለች።

«ሬአዮኑ እሮብ ነው!» ብዬ ጮህኩ ከጥግ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አሉ አባባ፣ ከዘራቸውን እያሳዩኝ። «ይኸውና፣ በሽታዋን በዓይናችን አየነው።» እናቴ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ሰኞ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ሳትወጣ እንዲመለሱ ተባለ። የዓርቡን እንጀራ ሳይቀምሱ ሄዱ፤ ጉዳዩ አላለቀማ።

ቅዳሜ ወንድሜ ለምሳ መጣ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ዝምተኛ፣ ሆዱ ሰፊ። እናቴ የሽማግሌዎቹን ነገር እየሳቀች ጀመረችለት፤ እሱም ውሃው ትን እስኪለው ሳቀ። የመጡበትን ምክንያት ሲሰማ ግን ሳቁ ቆመ። ሹካውን አስቀመጠ።

«እሷ ራሷ ትወስን» አለ። «እኔን እኮ የጠየቀኝ የለም። አስተማሪዋም፣ አንቺም።»

በቁጣ አይደለም የተናገረው። እናቴ፣ «ሰላጣውን ላምጣ» ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ሰላጣው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ሰኞ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ቆሙ። እናቴ ዓይኗ ስር አብጧል። «ለእኔ ብላ የማለችውን እኔ አንስቼላታለሁ፤ እግዚአብሔርም ያንሳላት» አለች።

«አሜን!» አሉ ሦስቱም፤ አሁን ተቀመጡ።

«አፏን ይክፈትላት» ብለው መረቁ አንደኛው።

«አፏስ ተከፍቷል፣ ልቧን ያርጋላት በሉ» አሉ አባባ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ የጎረቤቱን ሕፃን እንዳልቀሰቅስ ብዬ ነው የተውኩት። እናቴ ጆሮዬን ያዝ አድርጋ፣ «መሐላውን አነሳሁ እንጂ ንገሪ አላልኩሽም። አስቢበት። ደግሞ አብሬሽ እሄዳለሁ» አለችኝ።

እሮብ ወንድሜ የሥራ ተራውን ቀይሮ በገዛ መኪናው ሊያደርሰን መጣ። ልንወጣ ስንል እናቴ በሩ ላይ ቆመች። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንዲህ ናት፤ ካልመለስኩላት አታሳልፈኝም።

«ቁልፍ?» ኪሴን ነካሁ። «አለ።»

«ቦርሳ?» «አለ።»

«ውሃ?» «አለ።»

«ራስሽስ?» ግንባሬን ነካሁ። «አለ፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ሂጂ።»

መንገዱን ሙሉ እናገራለሁ፣ አልናገርም፣ እናገራለሁ ስል ወንድሜ፣ «ወይ ተናገሪ ወይ ውረጂ» አለኝ። ደረስን። እናቴ ደጁ ላይ ካለው ወንበር ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። እኔ ገባሁ።

ሦስት ሰዎች ናቸው። ሦስት! እኔም እንደ እናቴ ሦስት ሽማግሌ ፊት ቀረብኩ ብዬ ሳቄ መጣ። ስለ ወታደር ቤት ጠየቁኝ፤ ለማስቆም እስኪቸግራቸው አወራሁ። ከዚያ በዕድሜ የገፋችው ሴትዮ መነጽሯን አወለቀች። «የአገልግሎት ምስክርሽ እና የትምህርት ቤት ውጤትሽ የአንድ ሰው አይመስሉም። ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ።

መጣ። ሰነፍ ነበርኩ የሚለው ቃል ከልማዱ የተነሳ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና፣ «የትኩረት ችግር አለብኝ» አልኩ። «ልጅ ሳለሁ ያወቀ ሰው አልነበረም። አሁን እኔ አውቀዋለሁ፤ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ፣ እመልሳለሁ።»

ጠየቁኝ! አንዱ ትክ ብሎ አየኝና፣ «አምቡላንስ ውስጥ አንድ ዕቃ ብትረሺስ?» አለ። ጥያቄው የሚያስፈራ ነበር፤ መልሱ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ቤታችን በር ላይ ስመልሰው የኖርኩት ነው። «አልረሳም፤ እየነካሁ ጮክ ብዬ ስለምጠራ» አልኩት። «ኦክስጅን፣ አለ። ፋሻ፣ አለ። ወታደር ቤትም እንዲህ ነበር የማደርገው፤ በአማርኛ ስለሆነ ይስቁብኝ ነበር። ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ውጭ ተቀምጣለች።» ሴትዮዋ ፈገግ ብላ መነጽሯን መልሳ አደረገች። ስወጣ በሩን ሳትኩና የቁም ሣጥን ከፈትኩ። እውነቴን ነው። ሁላችንም ሳቅን።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መልሱ መጣ፤ ገባሁ። ያን ቀን እናቴ እልል ስትል ጎረቤት ሁሉ ሙሽራው ማነው እያለ መጥቷል። እሱ ሌላ ታሪክ ነው። የእሮቡን መንገድ ልጨርስ።

ስንመለስ እናቴ ከፊት ናት፣ እኔ ከኋላ። ከተማውን ሳንወጣ ዞር አለች።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«እነሱስ?»

«ጠየቁኝ፣ እማዬ! እንዴት እንደማደርግ፣ ምን እንደሚረዳኝ። በሩ ላይ የምትጠሪልኝን ነገርኳቸው። ያንቺን።»

«የኔን?» አለች። የአሽቀሎን ፎቆች መታየት ሲጀምሩ እጇን ዘርግታ ሬዲዮኑን ዘጋችው።

«አንተን ግን ምንም አልጠየቅሁህም» አለችው ወንድሜን።

«ተይው እማዬ፣ ስንት ዘመኑ።»

«ዛሬ ልጠይቅህ። እዚያ ያስገባሁህ ክፍል እንዴት ነበር?»

ወንድሜ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። አይመልስም ብዬ ነበር። «ሚኒባሱ እስኪመጣ ከሕንጻው ጀርባ እደበቅ ነበር» አለ። «የሰፈር ልጆች ስሳፈር እንዳያዩኝ። ጠዋት ቀድሜ እወርድ የነበረው ለዚህ ነው።»

«እኔ ደግሞ» አለች እናቴ፣ ድምጿ ተሰብሮ፣ «ትምህርቱን ወደኸው መስሎኝ። ለጎረቤት ሳይቀር እያወራሁ፤ ልጄ ሳይቀሰቅሱት ይነሣል እያልኩ።» ጉንጯን በነጠላዋ ጠረገች። «ሌላስ? ሁሉንም ንገረኝ።»

ወንድሜ መናገር ጀመረ። እናቴ ቀበቶዋን ላላ አድርጋ ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ ዞራ ትሰማዋለች፤ አንዳንዴ ብቻ፣ «ከዚያስ?» ትለዋለች። የአጋሚም መታጠፊያ ደረሰ። ወንድሜ ሳያየው አለፈው። እኔ አይቻለሁ፤ መቼም ከመስኮት ውጭ ያለ ነገር እኔን አያመልጠኝም። አፌን በሁለት እጄ ይዤ ዝም አልኩ።